ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ስንት ያወጣል?

(በማንቡክ ለጎልማሶች የንባብ ክፍል፣ የንባብ መጻሕፍት በታደሉበት ዕለት፣ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዘማች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እያንዳንዳችሁ በእጃችሁ አንዳንድ መጽሐፍ ይዛችኋል። መጽሐፏ ትንሽ ናት። ሽፋኗ ስስ ነው፤ ገጾቿም ጥቂት ናቸው። ይሁን እንጂ ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል መሥርታችሁ፣ ዐረፍተ ነገር ማንበብ ከቻላችሁ በኋላ የደረሰቻችሁ የመጀመሪያ መጽሐፍ ናት።

ባለፈው ሳምንት መጻሕፍቱ ከመኪና ሲወርዱ ካርቶን በመሸከም ያገዙኝ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ይህች አንዷ ስንት ታወጣለች?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ቸኩዬ፣ «አባቴ፣ አትሸጥም እኮ! በነፃ ነው የምትታደለው» አልኳቸው። እሳቸው ግን በመልሴ አልረኩም። «በነፃ መሆኑንማ ሰምቻለሁ። ገበያ ብትወጣ ስንት ታወጣለች ነው የምልህ» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ዛሬ ንግግር እንዳደርግ ስጠየቅ ስለ ንጽሕና ወይም ስለ ሰሊጥ አዘራር እንድናገር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ስለ ሰሊጥማ እናንተ ታስተምሩኛላችሁ እንጂ እኔ አላስተምራችሁም። እኔ የመረጥኩት የእኚያን አባት ጥያቄ ለመመለስ ነው። መጽሐፍ ስንት ያወጣል? የሰው ስምና ፊርማ ሲያርፍበትስ ዋጋው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

የሥዕል ታሪክ

ይህን በእጄ የያዝኩትን መጽሐፍ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ ከትምህርት በኋላ በፋኖስ ሥዕሉን እያያችሁ የሳቃችሁበት ነው። እንዲህ ዓይነቱን መጽሐፍ በከተማ «ኮሚክ» ይሉታል። እኛ የሥዕል ታሪክ እንበለው። ገጹ እንደ እርሻ ማሳ በድንበር ተከፍሏል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንድ ሥዕል አለ። ሰዎቹ የሚናገሩት ነገር ከአፋቸው በሚወጣ ክብ ውስጥ ተጽፏል። አንባቢው ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየተሻገረ ታሪኩን እስከ ፍጻሜው ይከተላል።

ይህ አሠራር ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳየውን ሥዕል ያያችሁ ካላችሁ፣ በአንድ ሸራ ላይ ብዙ ጊዜ 44 ትናንሽ ሥዕሎች በተራ ተደርድረው ይገኛሉ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ከግራ ወደ ቀኝ እየተከተለ ታሪኩን ያውቀዋል። በቅርቡም ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የራሳችንን ጀግኖች በሥዕል ታሪክ እያወጡ ነው። ብሥራት ደበበ ያቋቋመው እጣን ኮሚክስ የተባለው ድርጅት «ጀምበር» የተሰኘውን የሥዕል ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 አውጥቷል። ከዚያም «ሐዊ» የተባለች ጀግና ያለችበትን አስከትሏል። እነዚህ መጻሕፍት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይነበባሉ።

በውጭ አገር ደግሞ የሥዕል ታሪክ ትልቅ ንግድ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በአሜሪካ በ1938 እ.ኤ.አ. አንድ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ወጣ። በሰማይ የሚበር፣ መኪና በእጁ የሚያነሣ ሱፐርማን የሚባል ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚያ መጽሔት ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር፤ የአሜሪካ ሳንቲም ማለቴ ነው። ከዚያው መጽሔት አንዱ ቅጂ በ2016 ዓ.ም፣ ማለትም በአውሮፓ 2024፣ በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ቆይ፣ ቆይ! አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ነገሩ ግን ምክንያት አለው።

ወረቀት እንዴት ይወደዳል?

አንደኛው ምክንያት ጥቂት መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ያነበቡት ልጆች ናቸው። ልጆች ደግሞ ያጥፉታል፣ ይቀዱታል፣ ይጥሉታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ አገልግሎት ይሰበሰብ ስለ ነበር ብዙው አብሮ ሄደ። የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው። እዚህ ማንቡክ በማንጎ ወቅት ማንጎ ማን ይገዛችኋል? ወቅቱ ካለፈ በኋላ የተገኘች አንዷ ግን ትወደዳለች። ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አያያዙ ነው። ያልታጠፈ፣ ያልተቀደደ፣ ዝናብ ያልነካው፣ ምስጥ ያልቀመሰው ቅጂ ከሌሎቹ እጅግ ይበልጣል።

ሦስተኛው ምክንያት መጀመሪያ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ሱፐርማን በሺህ በሚቆጠሩ መጽሔቶች ላይ ወጥቷል። መጀመሪያ የታየው ግን በዚያኛው ብቻ ነው።

አራተኛውና ዋነኛው ምክንያት ፈላጊ መኖሩ ነው። ልጅ ሳሉ ያነበቡትን መጽሐፍ ሸምግለው፣ ሀብታም ሆነው መልሰው የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። የሚገዙት ወረቀቱን ብቻ አይመስለኝም። የልጅነታቸውን ማታ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ፊርማው እንምጣ። ታሪኩን የጻፈው ወይም ሥዕሉን የሣለው ሰው በመጽሐፉ ላይ በእጁ ከፈረመበት ብዙውን ጊዜ ዋጋው ይጨምራል። ምን ያህል እንደሚጨምር ግን እንደ ፈራሚው ነው። ለምሳሌ ስታን ሊ የሚባል ስመ ጥር የሥዕል ታሪክ ደራሲ በ2018 እ.ኤ.አ. በ95 ዓመቱ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ እጅግ ብዙ ቅጂ ፈርሟል። ስለዚህ የሱ ፊርማ ይፈለጋል እንጂ ብርቅ አይደለም። ጥቂት ፈርሞ የሞተ ሰው ፊርማ ግን ይወደዳል።

ፊርማው እውነተኛ ስለ መሆኑም ማስረጃ ያስፈልጋል። የሌላውን ሰው ፊርማ አስመስሎ የሚጥፍ አጭበርባሪ በየአገሩ አለ። ለዚህም ሲባል በአሜሪካ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲ.ጂ.ሲ. የሚባል ድርጅት የሥዕል ታሪክ መጻሕፍትን እየመረመረ ደረጃ ይሰጣል። ደራሲው ሲፈርም ብዙ ጊዜ የድርጅቱ እማኝ ቆሞ ያያል። እማኝ ያላየው ፊርማ ሽፋን ላይ እንደ ተጫረ ጽሑፍ ተቆጥሮ ጉድለት ሊባል ይችላል። ያው ብዕር፣ ያው እጅ፣ ያው ስም! እማኝ ስላልነበረ ብቻ ጌጥ የነበረው እንከን ይሆናል። እኛም አገር ያለ እማኝ የተጻፈ ውል ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው ይሰጣሉ። እሽጉ ካልተሰበረ በቀር ማንም ሊገልጠው አይችልም። ይህን አንድ ማታ በክፍል ስነግራችሁ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት፣ «ታዲያ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አይደለም እንዴ?» ያሉት ትዝ ይለኛል። ሁላችንም ስቀናል። እኔ ግን ነገሩን ማታ ሳስበው አደርኩ። መጽሐፍ እንዳይነበብ ተደርጎ ሲታሸግ ዋጋው ይወጣል። ሲነበብ፣ ሲገለጥ፣ እጅ ሲነካው ይወርዳል። የገበያ ዋጋና የመጽሐፍ ጥቅም እንዲህ ጀርባና ጀርባ የሚሰጣጡበት ጊዜ አለ።

በአገራችንስ?

በአገራችንም የተፈረመበት መጽሐፍ ዋጋ አለው። ሀዲስ ዓለማየሁን እንውሰድ። በጎጃም በ1902 ዓ.ም ተወለዱ፤ ይህ የእኛ መተከልም በቀድሞው አስተዳደር የጎጃም ክፍል እንደ ነበረች ሽማግሌዎች ታስታውሳላችሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው መጽሐፋቸው በ1958 ዓ.ም ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሳይቀር አዳምጦታል። ሀዲስ በ1996 ዓ.ም አርፈዋል። መጽሐፉ እስከ ዛሬ እየታተመ ይሸጣል፤ ማንም ሊገዛው ይችላል። የደራሲው እጅ ያረፈበት የመጀመሪያው እትም ግን ከእንግዲህ አንድም አይጨመርም።

በዓሉ ግርማ ደግሞ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም አሳተመ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲው ራሱ በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። እንግዲህ አስቡት። በዚያ መጽሐፍ ላይ የበዓሉ ፊርማ ሊያርፍ ይችል የነበረው በነዚያ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቅጂ ያለው ሰው ቢኖር በብር ስንት ይሸጠዋል? የሚሸጠውስ ይመስላችኋል? ፊርማው እኮ የአንድ ሰው እጅ በሕይወት እንደ ነበረች የሚመሰክር ምልክት ነው።

ከሁሉ የሚቀድሙት ግን የብራና መጻሕፍቶቻችን ናቸው። በብራና መጽሐፍ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም፣ የተሰጠበት ቦታ፣ አንዳንዴም የጸሐፊው ስም ይገኛል። ከስሙ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አለ። የሰረቀው ወይም የፋቀው ውጉዝ ይሁን የሚል ነው። ስርቆትና ፍቀት እኩል የተቀመጡት ያለ ነገር አይደለም። ብራና በምላጭ ይፋቃል። የቀድሞውን ባለቤት ስም ፍቆ የራሱን ስም የሚጽፍ ሰው ስለ ነበረ ነው።

በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙ መቶ የብራና መጻሕፍት ወሰደ። ከነዚያም አንዱን፣ ክብረ ነገሥትን፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ደብዳቤ ጽፈው ጠይቀው አስመልሰውታል። አብዛኞቹ ግን ዛሬም በዚያው አሉ። የየት አገር፣ የየትኛው ደብር እንደ ነበሩ ከሚናገሩት ማስረጃዎች አንዱ በውስጣቸው የተጻፈው ስም ነው። መጽሐፍ አፍ ባይኖረውም ስም ካለበት የማን እንደ ሆነ ይናገራል።

እኔ የፋቅሁት ስም

አሁን የራሴን ነገር ልንገራችሁ። ለመናገር ትንሽ አፍሬአለሁ። ነገር ግን እናንተ በዚህ ዕድሜያችሁ በልጅ ፊት ጠመኔ ይዛችሁ ለመሳሳት ካላፈራችሁ እኔ ምን ያሳፍረኛል?

ይህን መጽሐፍ የሰጠችኝ ታላቅ እኅቴ ናት። የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሷ ከ4ኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ አዲስ አበባ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አንድ እሑድ የእረፍት ቀኗን የመጽሐፍ ትርዒት ካለበት ቦታ ሄደች። ሥዕሉን የሣለው ሰው ተቀምጦ ይፈርማል ሲሉ ሰማች። ከልጆቹና ከወላጆቻቸው ጋር ተሰልፋ ብዙ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ፣ «ለማን ልበል?» አላት። ስሜን ነገረችው። ሰውዬውም ብዕሩን እንደ ያዘ፣ «በየትኛው ‹ሰ› ነው?» ብሎ ጠየቃት።

በስሜ ውስጥ አንድ ‹ሰ› አለች። እኅቴ ደነገጠች። በእሳቱ ይሁን በንጉሡ አላወቀችም። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ያዩአታል። «የፈለግኸውን አድርገው፤ ለወንድሜ ነው» አለችው። እሱም በንጉሡ ‹ሠ› ጻፈው። እኔ ስሜን የምጽፈው በእሳቱ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እኅቴ ወደ ዐረብ አገር ሄደች። እስከ ዛሬም እዚያው ናት። ለትምህርቴ የላከችልኝን ገንዘብ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት ጓደኞቼ ያደረጉትን ዓይነት ጫማ አማረኝ። ገንዘብ አልነበረኝም። እኅቴን ደግሞ ለጫማ ብዬ ላስቸግራት አፈርኩ። ይህን መጽሐፍ ይዤ አሮጌ መጻሕፍት ወደሚሸጥ አንድ ሰው ሄድኩ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ገጹን ገልጦ ፊርማውን አየና ፊቱ በራ። ቀጥሎ ከፊርማው በላይ «ለ» ብሎ የሚጀምረውን ስሜን አየና ፊቱ ጠቆረ። «አየህ ወንድሜ፣ ፊርማው ብቻውን ቢሆን 400 ብር እሰጥህ ነበር። ስም ስላለበት ግን ከ150 ብር በላይ አይሆንልኝም። ሌላ ሰው ያንተን ስም ምን ያደርግለታል?» አለኝ።

በንግድ ሕግ ሰውዬው ትክክል ነው። ለታወቀ ሰው ካልተጻፈ በቀር የተቀባዩ ስም ያለበት መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ለገዢው ስሙ የባዕድ ስም ነው። ለእኔ ግን መጽሐፉን ከሌሎቹ ሁሉ የለየው ያ ስም ነበር። እኅቴ ተሰልፋ ያስጻፈችው ስሜን እንጂ የሰውዬውን ፊርማ አልነበረም። ገበያ ያረከሰው ነገርና ልብ ያከበረው ነገር በአንድ መስመር ላይ፣ በአንድ ብዕር የተጻፈ ነበር። ይህን ግን ያን ቀን አልተረዳሁትም።

ወደ መኝታዬ ተመልሼ ምላጭ አነሣሁ። 400 ብር አሰብኩ። ከ‹ሠ› ጀመርኩ። «እሷ እንኳ ስህተት ናት» ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። ወረቀት ብራና አይደለም። ፊደሏ ስትጠፋ ወረቀቱ ሳስቶ ከማዶ ያለው ሥዕል ታየኝ። እጄ ቆመ። መጽሐፉ ከዚያ ቀን ጀምሮ 400 ብርም 150 ብርም አያወጣም። ጫማውም አልተገዛም።

አንዲት እናት የጠየቁኝ ጥያቄ

ይህን ለማንም ሳልናገር መጽሐፉን ይዤ ወደዚህ መጣሁ። ሥዕሉን ስታዩ ገጹን ሁላችሁም አይታችሁታል። ስለ ቧጨሩ ግን የጠየቁኝ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት እናት ብቻ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪካቸውን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል።

እኚህ እናት ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰሊጥ መሬታቸውን ለአንድ ክረምት ለማከራየት ከአንድ ሰው ጋር ተስማሙ። ወረቀት መጣ። ቀለም ቀረበ። አውራ ጣታቸውን ነክረው አሻራቸውን አኖሩ። ክረምቱ አልፎ መሬታቸውን ሲጠይቁ ወረቀቱ «ለሦስት ክረምት» ይላል ተባሉ። የተከፈላቸው ግን የአንዱ ክረምት ኪራይ ነበር። አሻራው የእሳቸው ነው፤ ማን ይካደው? ቃሉ ግን የእሳቸው አልነበረም። ሦስቱ ክረምት አለፈና መሬቱ ተመለሰ። የሁለቱ ክረምት ኪራይ ግን እንደ ወጣ ቀረ።

እናታችን ወደዚህ ክፍል የመጡት ለዚህ ነው። ስማቸውን ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀባቸው። ሞፈርና አካፋ የለመደ እጅ እርሳስ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። የጻፉትን በላጲስ እያጠፉ ደብተራቸውን ቀዳደውታል።

አንድ ማታ ይህን ገጽ አይተው፣ «ልጄ፣ ይህን ቦታ ማን ቧጨረው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«የማን ስም ነበር?»

«የእኔው ነው።»

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም፣ «እኔ ስሜን ለማግኘት ሁለት ወር ተሠቃየሁ። አንተ የተጻፈልህን ትፍቃለህ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። በእውነት ነገሩ አልገባቸው ብሎ ነው። የምመልሰው አልነበረኝም።

በማግስቱ ኔትወርክ ወዳለበት ወደ ላይኛው ሰፈር ወጥቼ ለእኅቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። «ያቺ ፊደል ከመጀመሪያውም ጥርጥር ነበረባት» አለች። ከዚያ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። በመጨረሻ፣ «ሸጥከው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልሸጥኩትም» አልኳት። «እንግዲያው አለ ማለት ነው» አለች። ሌላ ነገር አላለችም።

ፊርማ የሚሰጥና የሚወስድ ነገር ነው

«ፊርማ» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ነገሥታቱና መኳንንቱ በማኅተም ያጸኑ ነበር። ሕዝቡ በቃልና በእማኝ ይዋዋል ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ሰው የጣት አሻራውን ያኖር ነበር፤ ዛሬም ያኖራል። በማኅተምም ሆነ በብዕር ሥራው አንድ ነው። «ይህ የእኔ ቃል ነው» ማለት ነው።

ቅድም ያነሣሁትን ሱፐርማንን የፈጠሩት ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ጄሪ ሲግል ጻፈው፤ ጆ ሹስተር ሣለው። ሁለቱም ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ነበር። በ1938 እ.ኤ.አ. የሱፐርማንን ባለቤትነት በ130 ዶላር ብቻ ለአሳታሚው ሸጡ። የተከፈሉት በቼክ ነው። ቼኩ የሌላም ሥራ ሒሳብ ስለ ነበረበት በጠቅላላው 412 ዶላር ይላል። ጀርባው ላይ ሁለቱም ፈረሙ፤ ገንዘቡንም ወሰዱ። ሱፐርማን በኋላ ለሌሎች ቁጥር የሌለው ሀብት አስገኘ። ፈጣሪዎቹ ግን ለብዙ ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ፤ ተቸገሩም። በ1975 እ.ኤ.አ. ብዙ ሰው ከጮኸላቸው በኋላ ድርጅቱ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር እንዲሰጣቸውና ስማቸውም በሥራቸው ላይ ተመልሶ እንዲጻፍ ተስማማ።

አሁን የሚገርመውን ስሙኝ። ያ ቼክ፣ ወረቀቱ ራሱ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በጨረታ 160,000 ዶላር ተሸጠ። የተፈለገው የሁለቱ ሰዎች ፊርማ ስላለበት ነው። ሀብታቸውን አሳልፎ የሰጠው ፊርማ እነሱ ከሞቱ በኋላ ለሌላ ሰው ሀብት ሆነ።

እነዚያ ወጣቶች ማንበብ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ማንበብ ብቻውን ከጉዳት ሁሉ ያድናል ብዬ አልዋሻችሁም። ያነበቡትን ማመዛዘን፣ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ፣ እማኝ መያዝ፣ ሲቸኩሉባችሁ «ቆይ፣ ነገ» ማለት ያስፈልጋል። ነገር ግን ሁሉ የሚጀምረው ከማንበብ ነው። «ለአንድ» እና «ለሦስት» የሚሉትን ቃላት መለየት የቻለ ሰው አንድ በር ዘግቷል።

የጥያቄው መልስ

እንግዲህ አባቴ፣ ካርቶን የተሸከሙልኝ አባት፣ መልስዎን ይዤ መጥቻለሁ። ይህች መጽሐፍ ገበያ ብትወጣ ምናልባት የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ብታወጣ ነው። ስምዎን ከጻፉባት ደግሞ ከዚያም ትወርዳለች። እንደ እኔ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ዘንድ ቢወስዷት፣ «ስም አለባት» ብሎ ይመልስልዎታል።

ቢሆንም ስምዎን ይጻፉባት። የዛሬውን ቀን ይጻፉ፤ «ማንቡክ» ብለውም ይጨምሩ። ልጆችዎ ወይም የልጅ ልጆችዎ አንድ ቀን ከሣጥን ውስጥ ያገኟታል። ስሙን የጻፈው እጅ የማን እንደ ሆነ ያውቃሉ። ፊደሉ ቢያዘነብልም ግድ የለም። ቢሳሳትም ግድ የለም። የተሳሳተች ፊደል ፍቄ ያተረፍኩትን አይታችኋል።

አንድ ነገር ግን አደራ! መጽሐፏን አሽጋችሁ አታስቀምጧት። አንብቧት፤ ጎረቤት ያንብባት፤ ልጆች ያገላብጧት። ከዝናብና ከምስጥ ብቻ ጠብቋት።

እኔ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ። የዚህ የእኔ መጽሐፍ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። ሁላችሁም ስማችሁን እንድትጽፉልኝ እለምናችኋለሁ። እስክሪብቶው ይኸውና። መጀመሪያ እኚህ እናት ይጻፉልኝ፤ ሌሎቻችሁ ከኋላቸው ተሰለፉ። በየትኛው ‹ሰ› እንደሆነ ማንንም አልጠይቅም።



ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. አሮጌ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ዋጋው የሚወደድባቸው አራት ምክንያቶች ምንድን ናቸው?
2. የተቀባዩ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ በገበያ የሚረክሰው ለምንድን ነው? እናንተስ ምን ትላላችሁ?
3. በብራና መጻሕፍት ላይ ስርቆትና ፍቀት አንድ ላይ የተወገዙት ለምን ይመስላችኋል?
4. አሻራችሁን ወይም ፊርማችሁን በወረቀት ላይ ከማኖራችሁ በፊት ምን ምን ማድረግ አለባችሁ?
5. በቤታችሁ ለገበያ የማይረባ፣ ለእናንተ ግን የከበረ ዕቃ አለ? ለጓደኞቻችሁ ተናገሩ። ቀጥሎም በአምስት ዐረፍተ ነገር ጻፉት።